አባ ክሎቪስ ያልጠሩት ስም

መስኮቱን በፎይል ሸፍኜዋለሁ፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር ለጥፌዋለሁ፣ ብርሃኑ ግን በየቀዳዳው ይገባል፤ በዚህ በሰሜን ኖርዌይ በሰኔ ፀሐይ አትጠልቅም፣ ሌሊቱን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የሳልሞን ሆድ ስቀድ አድሬ ስወጣ እዚያው ናት፣ ልተኛ ስል እዚያው ናት፣ አልሄድም እንዳለ እንግዳ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቦቲዬን ሳወልቅ ኦዲል ደወለች። እህቴ ኦዲል በጠዋት አትደውልም፣ የምትደውለው እሁድ ከምሳ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ገና ሳላነሳው ገብቶኛል። የአባታችን ልብ ደክሟል፣ ሐኪሙ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ብሏል፣ አእምሮው ግን ደህና ነው፣ ይናገራል፣ ይቆጣል፣ ሾርባው ጨው የለውም ይላል። መሞቱንስ እሱም ተቀብሎታል አለች ኦዲል፣ የቸገረን ካህኑ ነው። ይህ አነጋገር የሚገባው ሰው በዚህች ደሴት ላይ ከእኔ ሌላ የለም።

የሰፈሩ ቄስ ትናንት መጥቶ ነበር አለችኝ፤ ወጣት ነው፣ በብስክሌት ነው የሚዞረው፣ የሕሙማን ዘይቱን በኪሱ ይዞ መጣ። አባታችን ወንበር አስቀረበለት፣ ወይን አስቀዳለት፣ ከዚያ ምን ቢለው ጥሩ ነው፣ «ልጄ፣ ደግ ሰው ነህ፣ ካህን ግን አይደለህም፤ የተሾምከው በአዲሱ ሥርዓት ነው፣ የሾመህም ጳጳስ እንደዚያው። ወይንህን ጠጣና በሰላም ሂድ።» ቄሱም ወይኑን ጠጥቶ ሄደ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ አለቀሰች። እኔም ትንሽ ሳቅሁ፣ አባቴን በሐሳቤ አየሁት፣ በርሜል ሲሠራ የኖረበት ትልቅ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ራስጌው ላይ ደግሞ የድሮው የቤተ ክርስቲያን ሕግ መጽሐፍ፣ ጀርባው ሦስት ጊዜ የተሰፋ። ቁጥር ስምንት መቶ ሰማንያ ሁለት፦ ሞት አፋፍ ላይ የደረሰን ሰው ማንኛውም ካህን፣ ፈቃድ ያልተሰጠውም ቢሆን፣ ከኃጢአቱ ሊፈታው ይችላል። እኔና ኦዲል ይህን ያወቅነው የማባዣ ሰንጠረዡን ሳናውቅ ነው። ሕጉ ለሚሞት ሰው በሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶለታል፤ አባቴ ግን በሩ ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ነው። እኛ የምንቀበለው ካህን በየሁለት ወሩ ከቤልጂየም ነው የሚመጣው፣ እሱም ዳሌውን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ተኝቷል። ቀሩ አባ ክሎቪስ። ኦዲል ይህን ስም ስትጠራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ቤታችን ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት ሲጠራ ሰምታ አታውቅም። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ከእኛ አርባ ኪሎ ሜትር ላይ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ናቸው፣ የተሾሙት በድሮው ሥርዓት ነው፣ ክህነታቸውን አባቴ ራሱ አንድ ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። ላምጣልዎት ወይ ብትለው፣ ስሙን የጠሩትን ሰውዬ? አልፈልግም፣ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ጎንዛግ፣ የሚሰማው አንተን ነው፣» አለችኝ። «አንድ ነገር በለው።» ትንሽ ልተኛና እደውላለሁ አልኳት። ይኸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አልተኛሁም፣ አልደወልኩም።

ስሙን የጠሩትን ሰውዬ። ጸሎት ቤታችን የወይን መጭመቂያ ነበር፤ እኔ ሳልወለድ አባቴና ዐሥር አባወራዎች ደብሩን ጥለው ሲወጡ የአያቱን መጭመቂያ ለቅዳሴ ሰጠ፣ መሠዊያውን በበርሜል እንጨት ራሱ ሠራው፣ ክረምት ሲገባ ግድግዳው አሁንም ወይን ወይን ይሸታል። አርባ ሰው ነበርን። ሮም ላይ የተቀመጠው ሰው እውነተኛው የሮም ጳጳስ አይደለም እንላለን፣ ጳጳሳቱ ሮም ላይ ተሰብስበው ካወጡት አዲስ ትምህርትና ሥርዓት ጋር የተስማማ ሁሉ በዚያው ቅጽበት ከመንበሩ ወርዷል፣ መንበሩ ባዶ ነው፣ ስለዚህ የዚያን ሰው ስም በቅዳሴ መካከል እንደ አባት መጥራት መሠዊያ ላይ መዋሸት ነው እንላለን። ግን በድሮው ቅዳሴ ስሙ የሚገባበት ክፍል የሚነበበው በለሆሳስ ነው፤ ካህኑ ወደ መሠዊያው ዞሮ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ሕዝቡ ተንበርክኮ ይጠብቃል፣ ማንም ምንም አይሰማም። ከአንድ ሰው በቀር። አገልጋዩ ደረጃው ላይ ነው፣ ከካህኑ ልብስ አንድ ክንድ አይርቅም። ያ አገልጋይ እኔ ነበርኩ፣ ከዐሥራ ስድስት ዓመቴ እስከ ሃያ ሁለት። አባ ክሎቪስን ስንቀበላቸው ስሙን ላለመጥራት ቃል ገብተው ነው፤ መንበሩ ባዶ ነው ብለህ ማል ቢባሉ ግን አይምሉም፣ አላውቅም ነበር የሚሉት፣ የማላውቀውን አልጠራም፣ የማላውቀውንም አላወግዝም። ለአባቴ ይህ አልበቃውም። እናም በየእሁዱ ምሳ ላይ የአፍ መጥረጊያ ጨርቁን አንገቱ ላይ ሲያስር፣ ከጸሎቱ በኋላ፣ ከሾርባው በፊት፣ ወደኔ ዞር ይልና አንዲት ቃል ይጠይቀኛል። ጠሩ? አልጠሩም እላለሁ። ሾርባው ይቀዳል።

ያኔ ክርክሩን እወደው ነበር፣ መካድ አልችልም፣ ሌሎች የሰፈሬ ልጆች ኳስ እንደሚወዱት እወደው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ አባቴ ዳቦ ሊገዛ ፈርናን ጋ ይገባል፣ አንድ ሰዓት ይቆያል። ዳቦ ጋጋሪው ፈርናን የሌላኛው ጸሎት ቤት ሰው ነው፣ እነሱ ጳጳሱ ጳጳስ ነው ይላሉ፣ ስሙንም ይጠራሉ፣ ግን አይታዘዙትም። ሰካራም አባትም አባት ነው ይላል ፈርናን፣ እጁ ዱቄት እንደ ሆነ፣ ቤቱን ሽጥልኝ ቢለኝ አልሸጥለትም፣ አባቴ አይደለም ግን አልልም። አባቴ ወረፋውን ሁሉ እያየ፦ «አንተ ፈርናን ጳጳሱን እንደ አማትህ ነው የያዝከው። ስሟን በክብር ትጠራለህ፣ ቤቷ ግን እግርህ አይረግጥም።» ፈርናንም ዳቦውን እየጠቀለለ፦ «አንተስ ኤቭራር? አማቴ ሞታለች ብለህ ሃያ ዓመት ሐዘን ተቀምጠሃል፣ ሴትዮዋ ግን መስኮት ላይ ቆማ ታይሃለች።» ወረፋው በሳቅ ይሞታል፣ አባቴም ይስቃል፣ ግን ሲወጣ ፈርናንን አይጨብጠውም፣ እኔም አልጨብጠውም። እቤት ስንደርስ የሕጉን ቁጥር እየጠራሁ ፈርናን የት ላይ እንደተሳሳተ አስረዳዋለሁ፣ አባቴ ለኦዲል፣ ይሄ ልጅ እኮ ተሸንፎ አያውቅም ይላታል። እስካሁን ይህቺን አባባል አስታውሳለሁ፣ ደስ ትለኛለች፣ ደስ ስለምትለኝ አፍራለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት መግባት ፈለግሁ። ያለ አባ ክሎቪስ ደብዳቤ አይቻልም። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልብሱን አብረን እያጠፍን ጠየቅኋቸው። ሁለት ዓመት ጠብቅ አሉኝ። ለምን አልኩ። ነጩን ቀሚስ እጅጌውን ከእጅጌው እያገናኙ፣ ሳይቆጡ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፣ «ልጄ፣ አንተ ትክክል መሆን ትወዳለህ። መጸለይ ገና አልወደድክም፣» አሉኝ። ከዚያ ምሳ ላይ ተቀምጫለሁ። ጥንቸል ነበር፣ በደረቅ ፕሪም የተሠራ፣ ኦዲል ናት የሠራችው። አባቴ ጨርቁን ያስራል፣ ወደኔ ይዞራል። ጠሩ? ጠሩ አልኩት።

አልጠሩም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው አልጠሩም፣ ዛሬም ጠዋት አልጠሩም፣ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አልጠሩም፤ ስሙ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አንድ እስትንፋስ ያህል ያቆማሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቃል ያልፋሉ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም እሁድ ሳያጎድሉ። ያቺን እስትንፋስ ከእኔ በቀር የሚያውቃት የለም። በሚቀጥለው እሁድ አባቴ ቅዳሴ ሳይጀመር አርባው ሰው ፊት ቆሞ ጠየቃቸው። አባ ክሎቪስ እኔን አዩኝ፣ ረጅም አይደለም፣ ሻማ እስከሚለኮስ ድረስ ቢሆን ነው። መሠዊያ ላይ የምለው ለአንተ አይደለም ኤቭራር፣ ዛሬ ብምልልህ ለሚቀጥለው እሁድም ማል ትለኛለህ አሉት። ኩራት መስሎኝ ነበር። አልጠራሁም ቢሉ አርባ ሰው ፊት ልጅህ ውሸታም ነው ማለታቸው እንደነበር የገባኝ እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ዓሣ እያጠብኩ። አባቴ ሻንጣቸውን ያዝላቸው አለኝ። እስከ መኪናቸው ተሸከምኩላቸው፣ ጽዋቸው ውስጡ ነበር፣ በፎጣ ተጠቅልሎ። እግዚአብሔር ይስጥልህ ጎንዛግ አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ከዚያ አርባው ሰው ለሁለት ተከፈለ፣ እኚያ ሰውዬ አይዋሹም ያሉት ሄዱ፣ ሰርግ የተቋረጠባቸው አሉ፣ አሁን የቀሩት ዐሥራ አንድ ናቸው። እኔ ዘርአ ክህነቱንም አልገባሁ፣ ከአባቴ ጋርም ምሳ መብላት አቃተኝ፣ የፋብሪካ ሥራ ማስታወቂያ አይቼ ወደዚህ መጣሁ። አባቴ ሁልጊዜ የሚጽፍልኝ ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነው፦ ውድ ልጄ፣ እውነት ዋጋ ታስከፍላለች፣ አንተ ከፍለሃል።

በቃ ደውል። ስልኩን አነሳሁ፣ አየር መንገዱ ጋ ደወልኩ፣ አባቴ ጋ አይደለም። ለኖርዌይኛ አንድን ይጫኑ፣ ለሌላ ቋንቋ ዘጠኝን ይጫኑ፣ ዘጠኝን ተጫንኩ፣ ከፊትዎ ዐሥራ ሰባት ሰዎች እየጠበቁ ነው አለችኝ ሴትዮዋ በኖርዌይኛ። ጠበቅሁ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ነገ ማታ ነው፣ ሁለት ቦታ ይቀየራል፣ እቤት የምደርሰው ከነገ ወዲያ ነው፣ ሐኪሙ ደግሞ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ብሏል። ዘጋሁት። ፊት ለፊት ሄጄ እግሩ ስር ወድቄ እነግረዋለሁ የሚለው ሰበብ አለቀ። የሰውን ስም ያጠፋ ስሙን መልሶ ካላቆመ ንስሐው ንስሐ አይሆንም፤ ይህንን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ስለዚህ ዐሥራ አራት ዓመት ንስሐ አልገባሁም። ለማንስ እገባለሁ? እዚህ ወደቡ ጋ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ፖላንዶችና ፊሊፒኖች ይሄዱባታል። አንድ እሁድ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ካህኑ የጳጳሱን ስም በማይክሮፎን ነው የጠራው፣ ጮክ ብሎ፣ ድምፅ ማጉያው ያፏጫል፣ አንድ ፊሊፒናዊት ሴትዮ የልጇን አፍንጫ እየጠረገች ነው፣ ቀና ያለ ሰው የለም። እኛ አርባ ሰዎች የተባላንበት ስም ነው። ወጣሁ። እንደ እኛ ሚዛን ያ ካህን ካህን አይደለም፣ በእኛ ሚዛን ካህን የሆኑትን ደግሞ እኔ አባርሬያለሁ፣ መውጫ ባገኝ እንኳ ሕጉን አውቀዋለሁና መልሼ እዘጋዋለሁ። ደውል፣ ጎንዛግ።

ደወልኩ። ኦዲል ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀመጠችልኝና ልብስ ላስጣ ብላ ወጣች። ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ሩጫ ላይ ያለ ሰው ነው የሚመስለው። አባቴ፣ እኔ ነኝ አልኩት። አወቅሁህ አለኝ፣ ዓሣው እንዴት ነው። ደህና ነው። ብርድ ነው? አይደለም፣ ሰኔ ነው። ከዚያ እንዳልሸሽ ቶሎ ብዬ ተናገርኩት፣ አባ ክሎቪስ አልጠሩም፣ ያን እሁድ ጠሩ ያልኩዎት ውሸት ነው፣ ደብዳቤ ስለከለከሉኝ ተናድጄ ነው፣ አንድ ቀንም ጠርተው አያውቁም፣ ንጹሕ ሰው ነው ያባረርነው፣ ያባረርኩት እኔ ነኝ። በመስኮቱ የጎረቤት ትራክተር ይሰማል፣ የኛ ሰፈር ትራክተር፣ አውቀዋለሁ። አሁን ይረግመኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ እርግማኑን ፈለግሁት፣ ይራገምና ኦዲልን ጠርቶ አምጪያቸው ይበላት።

«ልጄ፣» አለኝ አባቴ። እንዲህ ባለ ድምፅ ጠርቶኝ አያውቅም። «በዕድሜህ አንዴ ብቻ ነው የዋሸኸኝ። እሱም ዛሬ ነው።»

አይደለም አባቴ፣ እምላለሁ አልኩ። አትማል አለኝ፣ ነፍስህን አትጉዳ። ያኔ ጠሩ ስትል ምንም የምታገኘው ነገር አልነበረም፣ መንገድህንም ዘጋብህ፣ እንደዚያ ያለ ቃል እውነት ነው። ዛሬ ግን አባትህ ያለ ካህን እንዳይሞት ትፈልጋለህ፣ እህትህ አልቅሳብሃለች፣ ስለዚህ ትዋሻለህ። ሁለቱን ምስክርነት መዝኜ የፊተኛውን ወሰድኩ አለኝ፣ እየሞተ እንኳን እንደ ዳኛ። «ስለኔ ብለህ ስለዋሸህ ግን እግዚአብሔር ይስጥልህ። ወድጄዋለሁ።» አለቀስኩ፣ ጮኼ ነው ያለቀስኩት፣ እሱም እንባዬን ለውሸቴ ማስረጃ አድርጎ ያዘው መሰለኝ፣ አይዞህ፣ አይዞህ እያለ ትንፋሹ አጠረ፣ ኦዲል ገብታ ስልኩን ወሰደችው።

ከዚያ ተኝቻለሁ ወይስ አልተኛሁም? ፎይሉን እያየሁ ሾርባው ይቀዳል፣ ጠሩ ይለኛል፣ አልጠሩም እላለሁ፣ አሁን ዋሸህ ይለኛል። ስልኩ ሲጮህ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ኦዲል ናት፣ በሹክሹክታ። ከምሳ በኋላ አንቀላፋ፣ አሁን ብጠራው አይሰማም፣ እጁን ብጨብጠው አይጨብጠኝም፣ ትንፋሹ ግን አለ። ደግሞ አንድ ነገር አድርጌያለሁ አትቆጣኝ አለች፣ ባሌን ልኬ አባ ክሎቪስን አስመጥቻለሁ፣ ግቢው ውስጥ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። እሳቸው ደግሞ፣ ኤቭራር እምቢ ብሎ ከሆነ አልገባበትም፣ ፈቃዱን የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ ይላሉ። «ሕጉን አንተ ታውቃለህ፣» አለችኝ። «ይግቡ ወይስ አይግቡ?»

አውቀዋለሁ። ራሱን የሳተ ሰው በጤናው ቢሆን ይፈልግ የነበረ ከሆነ ይቀባል። በጤናው እምቢ ያለ አይቀባም። አባቴ በጤናው እምቢ ብሏል፣ ከአንዴም ሁለቴ። ግን እምቢ ያለው ማንን ነው? ስሙን የጠራውን ካህን ነው። እንደዚያ ያለ ካህን የለም፣ ኖሮም አያውቅም፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ጥንቸል እየበላሁ የፈጠርኩት ሰው ነው፣ አባቴ በሩን የዘጋው በእኔ ፈጠራ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ያሉትን ሽማግሌ እምቢ አላለም፣ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ አላወቃቸውም። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰብኩት፣ ትክክል ነው፣ ጥሩ ክርክር ነው፣ ጥሩ ክርክር መሆኑ ነው ያስፈራኝ። ይግቡ አልኳት። እርግጠኛ ነህ አለች። ነኝ አልኩ፤ ያኔም እርግጠኛ ሆኜ ነበር የተናገርኩት።

ኦዲል ስልኩን ሳትዘጋ ድምፁን ለቀቀችው፤ በሩ ሲከፈት ይሰማኛል፣ ከዘራ፣ ዝግ ያለ እርምጃ። ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን አሉ በላቲን። መልስ የሰጠ የለም፣ ኦዲል ላቲኑን ረስታዋለች፣ ባሏ ጭራሽ አያውቀውም። የፋብሪካው ልብሴን እንደ ለበስኩ መሬት ላይ ተንበረከክሁ፣ በውስጡ ለሚኖሩም ሁሉ ብዬ በላቲን መለስኩ በስልኩ ውስጥ። ቆሙ። ማነው የሚመልስልኝ አሉ። ጎንዛግ ነው አባ፣ በስልክ ነው አለች ኦዲል። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉ ይሰማኛል። ከዚያ፣ ድምፁን ከፍ ያድርገው፣ ጆሮዬ ደክሟል አሉ። ከፍ አደረግሁት። የሚቀጥለውን መለስኩ፣ የሚቀጥለውን፣ ጎረቤቴ ሊትዌንያዊው፣ እንደ እኔ የሌሊት ተረኛ ነው፣ ግድግዳውን ደበደበ፣ እኔም ቀጠልኩ። ዘይቱን ሲቀቡት የጨመሯትን ቃል ሰማሁ፣ የምትቀበል ከሆንክ የምትለውን፣ ሕጉ ለሚጠራጠር ካህን የሚያስጨምራትን። እሳቸውም አያውቁም ማለት ነው። አሜን አልኩ።

ሲጨርሱ አባ ክሎቪስ ወንበር ጠየቁ። ወንበሩ ወደ አልጋው ሲጎተት ይሰማኛል። ኤቭራር፣ ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ ቀርቻለሁ አሉ፣ ከዚያ ወደ ጆሮው ያጎነበሱ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ምንም አልሰማሁም፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ሌላኛውን ጆሮዬን በመዳፌ ደፍኜ፣ እስትንፋሴን ይዤ፣ ምንም። ትራክተሩ ብቻ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ኦዲል ስልኩን አነሳችው።

«ምን አሉት?» አልኳት።

«በለሆሳስ ነው ያናገሩት፣» አለች። «አልሰማሁም።»